ከማል ከመስመሩ የወጣ ዕለት

ነቀምት፣ ጎህ ሲቀድ

ሌሊቱን ዘንቦ መናኸሪያው ጭቃ ነው። ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ።

"አሶሳ ዛሬ እንገባለን?"

"መንገዱ ከፈቀደ፣ እህቴ።"

አባቴን ለመጠየቅ በየዓመቱ ይህን መንገድ የምመላለሰው እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ከማል የትንሽ ጭነት አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ ቤት ከመጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። አባቴ ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ልጄ ፓይለት ነው" ይላል። ስለኔ ሲጠየቅ፣ "ዘይነባም ደህና ናት" ብሎ ያልፋል።

መንዲ፣ ከቀትር በኋላ

ፍተሻ። ወረድን፣ ተሳፈርን፣ እንደገና ወረድን። ለምሳ ያዘዝነው ሽሮ ቀዝቅዞ ነው የቀረበልን።

ባምባሲ

ማንጎ በጆንያ ያስጫኑ አንድ የበርታ ነጋዴ አጠገቤ ተቀመጡ።

"ወላሂ፣ ዛሬ ጉድ ነው!" አሉ ለሁላችንም። "አውሮፕላን የራሱ መንገድ ትቶ አሶሳ፣ ሰፋሪ መንደር መጣ። ዝቅ አለ፣ ሁለቴ ዞረ። የሰይድ ልጅ ነው አሉ። አባቱ ሰላም ሊል!"

ሰይድ አባቴ ነው፤ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ገበሬ። አውቶቡሱ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ያን ሁሉ ዓመት በዚህ አቧራ ስመጣ ማን ቀና ብሎ አየኝ? በወንድሜ ቀናሁ።

አሶሳ፣ አመሻሽ

አባቴ መናኸሪያው በር ላይ ምርኩዙን ተደግፎ ቆሟል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ?"

"ከጠዋት። መንገዱ አያስተማምንም፤ ቤት መቀመጥ አቃተኝ።"

"ታዲያ ከማልን አላየኸውም?"

"ጎረቤት ደውሎ ነገረኝ። እኔ እዚህ ነበርኩ፣ ልጄዋ።"

ፊቴን እንዳያይብኝ ጎንበስ ብዬ ሻንጣዬን አነሳሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ቤት

እራት ሳንጨርስ ከማል ከአዲስ አበባ ደወለ።

"ከተፈቀደልህ መስመር ወጥተሃል ብለው ከበረራ አገዱኝ። ፈቃዴንም ሊነጥቁኝ ይችላሉ። ግን ዘይነባ፣ አባ አየኝ?"

እውነቱ አፌ ላይ ደርሷል። አባቴ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"አይቶሃል" አልኩት። "ደጅ ወጥቶ ሁለት እጁን እያውለበለበልህ።"

ከወዲያ ማዶ ሲስቅ ሰማሁት። እንደገና ቀናሁበት።