የትራክተሩ ደቦ

ባለፈው ሳምንት ኮዬ ፈጬ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ መካኒክ ከቆመ አይሱዙ ስር እየተንፏቀቀ ወጣና እጁን በእርጥብ ሳር ይጠራርግ ጀመር። ግሪስና እርጥብ ሳር ሲቀላቀሉ የሚሰጡት የራሳቸው ሽታ አላቸው፤ ሳሩ ጣፈጥ ይላል፣ ግሪሱ ጉሮሮ ይይዛል። ከጎኔ የተሰለፈችው ሴትዮ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች። እኔ ተራዬን ለቅቄ ወደ መካኒኩ ተጠጋሁና አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ። የአባቴ እጅ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ያደግሁት ሱሉልታ ነው፤ ከጎጃም መንገድ ገባ ብሎ፣ ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ዳር። ሰው ሁሉ ኦቦ ቱሉ የሚለው አባቴ፣ አንድ የእርሻ ድርጅት ተዘግቶ ንብረቱ በጨረታ ሲሸጥ የገዛው አሮጌ ትራክተር ነበረው። ቀይ ነበር ይባላል፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ቀለሙ ጥሎት ሄዶ ነበር። እናቴ "ጣውንቴ" ትለዋለች፤ አባቴ ጠዋት ከሁላችንም በፊት ሄዶ የሚያየው እሱን ስለነበር ብዙም አልተሳሳተችም። በዚያ ትራክተር የራሱን መሬት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ሁሉ ያርስ ስለነበር የትራክተሩ ጤና የሰፈሩ ጉዳይ ነበር፤ ሞተሩ ማሳል ሲጀምር ሰዎች ታማሚ እንደሚጠይቁ እየመጡ ዙሪያውን ቆመው ከንፈር ይመጥጡለታል።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ትራክተሩ ቦይ በመሻገር ላይ እያለ የፊት አክስሉ፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች አያይዞ ትራክተሩን ከፊት የሚሸከመው ወፍራም ብረት፣ መሀሉ ላይ ተሰነጠቀ። ትራክተሩ አፍንጫውን ጭቃ ውስጥ ተክሎ ቀረ። ክሪክ ቢያስገቡለት ክሪኩ ራሱ ሰመጠ። ዘሩ በጆንያ ተቀምጦ ወቅቱ ሊያልፍ ነው፤ አባቴም የማይታሰብ ነገር አደረገ፣ ደቦ ጠራ። ደቦ ለአጨዳ ነው፣ ለቤት ሥራ ነው፤ ለብረት ደቦ ሲጠራ የሰማ ሰው ስላልነበረ ግማሹ ሰው የመጣው ለማገዝ ሳይሆን ጉዱን ለማየት ነበር።

ሥራውን የመሩት የቅርብ ጎረቤታችን ኦቦ ዲንሳ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የማይመጣጠን። ወንዶቹ የባሕር ዛፍ ግንድ ከትራክተሩ ሆድ ስር አስገብተው ትከሻቸውን ሰጡ፤ ኦቦ ዲንሳ "ኦል!" (ወደ ላይ ማለታቸው ነው) ሲሉ ሁሉም ባንድ ትንፋሽ ይነሳሉ፣ ሴቶቹ ድንጋይ ያስገባሉ፣ እንደገና "ኦል!" ይባላል። ዝናቡ እየወረደ ከጀርባቸው ላይ እንፋሎት ሲወጣ አስታውሳለሁ። አክስሉ ወለቀ፤ አባቴ ድርቆሽ በጫነ መኪና ላይ እንደ ልጅ አቅፎት አዲስ አበባ ቶርኖ ቤት ወሰደው፤ ተበይዶ፣ ተሞርዶ ሲመለስ ሰዎቹ ዳግም መጥተው አንስተው ገጠሙት። ትራክተሩ ጭሱን ተፍቶ ሲንቀሳቀስ ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ የእናቴ ዳቦና ጠላ ቀረበ፤ ማን በደንብ እንዳነሳና ማን ግንዱን ተደግፎ እንደቆመ ሲከራከሩ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ሰው በአንድ ነገር ደስ ሲለው አላየሁም።

ደላሎቹ የመጡት እኔ ከፍ ካልኩ በኋላ ነው። ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ መሬታቸውን ሸጡ፤ አልፈርድባቸውም፣ ልጅ ማስተማርም ማሳከምም ነበረባቸው። ስንዴ የነበረበት ሁሉ ቆርቆሮ ታጠረበት። አባቴ ለመጣ ሁሉ "ትራክተሬ እያረሰ መሬት አልሸጥም" ይል ነበር፤ በኋላ በኋላ ግን የሚታረሰው የእኛው ማሳ ብቻ ሆነ፣ እሱም በአጥር መሀል የቀረ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት አክስሉ በዚያው በተበየደው በኩል ለሁለት ተከፈለ። አባቴ ጋቢውን ለብሶ፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ደቦ ሊጠራ ወጣ። አብሬው ነበርኩ። አንዳንዱ በር አልተከፈተም። አንዳንዱ በአጥር ቀዳዳ "ማንን ፈልገው ነው?" አለን። ሸጠው ቡራዩ ኪራይ ቤት ለገቡት ስልክ ደወልን፤ "እንመጣለን፣ እንዴት እንቀራለን" አሉ። ኦቦ ዲንሳን ያገኘናቸው የራሳቸው ማሳ በነበረው ቦታ ላይ የተሠራ ትልቅ ግቢ በር ላይ፣ በዘበኛ ካፖርት ነው።

"አካም ጅርታ፣ ዲንሳ" አለ አባቴ። "ቅዳሜ ና፤ ያ ብረት ደግሞ ተሰብሯል።"

ኦቦ ዲንሳ በሩን አዩ፤ ከዚያ አባቴን አዩ። "በሩን ለማን ልተወው ቱሉ?" አሉ።

ቅዳሜ እናቴ ለሰፈሩ የሚበቃ ዳቦ ጋገረች፤ ጠላው በገንቦ ቀረበ። አባቴ ግንዶቹን ከትራክተሩ አጠገብ ደርድሮ ቆመ። ረፋዱ አለፈ፣ ቀትርም አለፈ። ማንም አልመጣም። እናቴ ዳቦውን ላለመቁረስ ሰበብ ስትፈጥር ስትፈጥር መጨረሻ ላይ በጨርቅ ሸፍና ወደ ውስጥ አስገባችው። የዚያን ቀን አባቴን ማየት አልቻልኩም፤ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ከአዲስ አበባ መጥተው አጠገባችን ቤት የሚሠሩት ሰውዬ ነገሩን ሰምተው ሰኞ የግንባታ ሠራተኞቻቸውን ላኩልን። ደግ ሰው ነበሩ፣ ሌላ ምንም ልላቸው አልችልም። ሠራተኞቹ ከደቡብ የመጡ ትሑት ወጣቶች ነበሩ፤ ጣውላ ጭቃው ላይ አንጥፈው በትልቅ ክሪክ ወዲያው አነሱት፤ አክስሉ ተሠርቶ ሲመጣም እነሱው ገጠሙት። የጮኸ የለም፣ የተከራከረም የለም። እናቴ እንደገና ዳቦና ጠላ አቅርባ ተቀመጡ ስትላቸው "ጠላ አንጠጣም እማማ፣ ጌታ ይባርክዎት፣ ኮንክሪት እየተሞላ ነው" ብለው ዳቦውን በፌስታል ይዘው ሄዱ። አባቴ ሞተሩን አስነሳ፤ ትራክተሩ በሰላም ሄደ። ከአጥር እስከ አጥር ነድቶ ተመለሰና አጠፋው።

ምርቱ እንደገባ ደላላውን ራሱ አስጠራው። ዋጋ እንኳ አልተከራከረም። እናቴ ደንግጣ፣ "ትራክተሩ እኮ ተሠርቷል፤ ደህና እየሄደ ለምን?" አለችው።

"ደግሞ ሲሰበር ማንን ልጥራ?" አላት።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። መሬቱን የገዛው ሰው ሜዳውን በድንጋይ አጠረው፤ ትራክተሩም በብረት ዋጋ ሄደ። እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ሰላምታ የምንለዋወጥ ሰዎች አሉ፤ ውኃ ሲጠፋ አብረን እናማርራለን። የሆነ ነገር ቢበላሽብኝ ስልክ እደውላለሁ፤ ሰው ይመጣል፣ ይሠራል፣ ይሄዳል። ማንን ልጥራ የሚለውን የአባቴን ጥያቄ አንዳንዴ ደረጃውን ስወጣ ለራሴ አነሳዋለሁ፤ በእያንዳንዱ በር ሳልፍ ይሄኛው ይመጣልኝ ይሆን እላለሁ፣ ይቺኛዋስ እላለሁ። እቤቴ እደርሳለሁ፤ የምጠራው ሰው አላገኘሁም።