ሃሺ ሳይወጣ የተናገረው አየር

ሃሺ ወርሳሜ በድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ የሬዲዮና የአየር ጠባይ ሠራተኛ ነበር። በየሰዓቱ ደጅ ወጥቶ ሰማዩንና ንፋሱን አይቶ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ አብራሪ ሲጠይቀው ያንን ያነባል። በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግን፣ ሙቀቱ አላስወጣ ባለበት ቀን፣ መስኮቱን ዘግቶ ተቀመጠና የስምንት ሰዓቱን መዝገብ ከሰባት ሰዓቱ ገለበጠው።

ብዙም ሳይቆይ ከኤደን የተነሣው አውሮፕላን ካፒቴን ከባሕሩ ላይ ጠራው።

«አንዱ ሞተሬ ቆሟል» አለ። «ጅቡቲ ትቀርበኛለች፤ መካኒኮቻችን ግን እናንተ ዘንድ ናቸው። አየሩ እንዴት ነው?»

ሃሺ የገለበጠውን አነበበለት። «ጥርት ያለ ነው። ንፋስ የለም።»

«እንግዲያው ጅቡቲን ትቼ ወደ እናንተ እመጣለሁ።»

ሃያ ደቂቃ ያህል አለፈ። የጣራው ቆርቆሮ መንኳኳት ሲጀምር ሃሺ በሩን ከፈተ። በሺኒሌ በኩል አቧራ እንደ ግድግዳ ቆሞ የሜዳውን ግማሽ ውጦታል። ዘበኛው ሰማታር ፊቱን በጥምጣሙ ጫፍ ሸፍኗል።

«መቼ ተነሣ ይሄ?» አለው ሃሺ።

«ቆየ እኮ፤ ከስምንት በፊት ነው። አላየኸውም እንዴ?»

ሃሺ ሮጦ ገባ። እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ካፒቴን፣ አየሩ አሁን በድንገት ተበላሸ። እዚህ ማረፍ አይቻልም።»

አውሮፕላኑ ዞረ። ከፍታ እንዳያጣ የመንገደኛው ሻንጣ ባሕር ውስጥ ተጥሎ፣ እንደምንም ጅቡቲ አረፈ። የሞተ ሰው የለም።

በሳምንቱ ካፒቴኑ ድሬዳዋ መጥቶ፣ በጣቢያው ኃላፊ ፊት የሃሺን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «አቶ ሃሺ፣ ያን አቧራ ገና ሲነሣ ባያዩልን ኖሮ ሃያ ሁለት ነፍስ ይጠፋ ነበር።» ኃላፊው የምስጋና ደብዳቤ አጻፈለት። ወሬው ሃሺ የሚኖርበት ከዚራ ሰፈር ደረሰና ሰው ከዛፍ ጥላ ሥር ብድግ እያለ ሰላም ይለው ጀመር። ሃሺ መሬት መሬት እያየ ያልፋል፤ ኋላማ በሌላ መንገድ ዞሮ ይገባ ጀመር።

ምግብ አልወርድ ሲለው ሚስቱ ፋርቱን ጠየቀችው፤ ነገራት። «ለእኔ ብትነግረኝ ምን ይጠቅማል? ለካፒቴኑ ንገረው እንጂ» አለችው።

ካፒቴኑ እንደገና ሲያርፍ ሃሺ ክንፉ ሥር ጠብቆ ሁሉንም ነገረው። ቀና ብሎ አላየውም።

«ሃያ ደቂቃ» አለ ካፒቴኑ። «የሰው ሻንጣ የጣልኩት ጅቡቲን ትቼ በከንቱ በበረርኩባት በዚያች ሃያ ደቂቃ የተነሣ ነው። አንዲት ሴትዮ የልጇን የሰርግ ልብስ እያለቀሰች ነው የሰጠችኝ። ‹ድሬዳዋ ያለው ሰው ነው ያዳነን› ብዬ በእርስዎ ስም አጽናናኋት።»

ካፒቴኑ ወደ አውሮፕላኑ መሰላል ዞረ።

«ለኃላፊዎ ራስዎ ይንገሩ።»

ነገረ። ደብዳቤው ተሰረዘ፤ ሬዲዮ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ግን ሥራው ላይ ቀረ። የከዚራ ሰዎች ይህን አልሰሙምና ሰላምታቸው አልቆመም።

ከዚያ ወዲያ ካፒቴኑ በሬዲዮ በጠራው ቁጥር፣ አየሩን ሰምቶ ሲያበቃ፣ ሌሎቹ አብራሪዎች ሁሉ እየሰሙ «ወጥተው አይተዋል?» ይለዋል። «ወጥቼ አይቻለሁ» ይላል ሃሺ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ሁልጊዜም እውነቱን ነበር፤ ሆኖም ይህችን ቃል በተናገረ ቁጥር ላብ ያጠምቀው ነበር።