እናቴን ጂንካ ያደረሳት መንገድ

ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ልጆች ተረት የምንሰማው ከአንድ ጡረተኛ ሾፌር አፍ ነበር። አያ ደምሌ ይባላሉ። ሃያ ምናምን ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ አንድ እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው ወደ ተወለዱበት ፎገራ ተመለሱና ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ ከእኛ አጥር ጋር የተያያዘች ጎጆ ቀለሱ። ልጅ አልነበራቸውም። ከብቱ ገብቶ እራት እስኪደርስ ባለችው ጊዜ ስድስት ሰባት ሆነን እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን። ሜዳችን እንጨት የለውምና የሚነደው ኩበት ነበር፤ ጭሱ ዝቅ ብሎ ቤቱን ይሞላና ዐይናችንን እያሸን፣ ፍሙ ላይ የጣልነው ሽምብራ እስኪፈነዳ እየጠበቅን፣ ኩራዟ በግድግዳው ላይ የምትስለውን የአያ ደምሌን ትልቅ ጥላ እያየን እንሰማለን።

ሌላው ሰው ተረት ሲጀምር የሚለውን እሳቸው አይሉም። «ሞተር ተነሣ» ይላሉ፤ እኛም በአንድ ድምፅ «መንገዱ ይቅናዎ» እንላለን። ከዚያ ይቀጥላል። የእሳቸው ጅብ ዝም ብሎ ጅብ አይደለም፤ የደጀን ጅብ ነው፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ ሙቀቱ ያስመለሰው። ቀበሮዋ ከፍቼ ገበያ የምትመለስ ናት። ጦጣዋም አርባ ምንጭ ጫካ ውስጥ የአሳ ነጋዴ ያታለለች ጦጣ ናት። ያኔ እነዚህ የከተማ ስሞች ልክ እንደ ተረቶቹ እሳቸው የፈጠሯቸው ይመስሉኝ ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የተኛውን ወንዝ ተረት ነበር። ከኮንሶ ወዲያ፣ ቆላው ውስጥ፣ አሸዋ ላይ ተዘርግቶ የሚያንኮራፋ አንድ ወንዝ አለ። ፍየልና አህያ ገበያ ሲሄዱ እዚያ ደረሱ። ፍየል ወንዙን «ተኝተሃል?» ብላ ጠየቀችው። «ተኝቻለሁ፤ ነይ አሸዋዬ ላይ ምሳሽን ብዪ» አላት። እሷም መሃሉ ላይ ተቀመጠች። አህያ ግን ወንዙን ትታ ቀና ብላ ተራራዋን ጠየቀች፤ ተራራዋ የወንዙ እናት ናትና። «እማማ፣ ልጅዎ ተኝቷል?» ብትላት፣ ተራራዋ «እኔ እንኳ አሁን እያጠባሁት ነው» አለቻት። አህያ ይህን ስትሰማ ሳታርፍ ሮጣ ተሻገረች። ፍየሏ ምን እንደሆነች አያ ደምሌ አይነግሩንም፤ እጃቸውን እንደ ጎርፍ ከግራ ወደ ቀኝ ያንሸራትታሉ። አንድ ቀን ማታ ተረቱ ሲያልቅ ዞር ብል፣ እናቴ ለእራት ልትጠራኝ መጥታ፣ በሩ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ስትሰማ አየኋት።

ታላቅ እኅቴ ጥሩወርቅ ያገባችው የሩዝ ዘር ሊያስተምር ወረታ ተመድቦ የመጣ የጂንካ ልጅ ነበር። ታደለ ይባላል። ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር እንደ ወንድም ኖሮ ወደ አገሩ ሲዛወር ይዟት ሄደ። አባቴ ሰርጉን ደግሶ፣ መርቆ ሸኝቷታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስሟ በተነሣ ቁጥር ወደ ደጅ ይወጣ ነበር። ልጁን የዳራት የት እንዳለ ሊገምተው ለማይችለው አገር ነበር።

ሰባተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ጥር ላይ ደብዳቤ መጣ። ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጥሩወርቅ አርግዛለች፤ ቀኗ ሚያዝያ መጨረሻ ነው። እኛ ዘንድ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው፤ እሷ ግን ደም ታይቷት ስለነበር ነርሷ ረጅም መንገድ ከልክላታለች። ደብዳቤው የሚያልቀው «እማየ፣ አንቺ ካልመጣሽ የማን እጅ ይዤ እወልዳለሁ» ብሎ ነበር። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላኝ ማንበብ እንደምትችል ሁሉ ትክ ብላ አየችውና አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ፣ «ጂንካ የት ነው?» አለች።

ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ጎረቤት ከጋምቤላ ወዲያ ነው አለ፣ ሌላው ኬንያ ውስጥ ነው አለ። እናቴ ከባሕር ዳርና ከደብረ ታቦር አልፋ አታውቅም። አባቴ እንዳይሸኛት ከብቱን ወደ ሐይቁ ዳር ሣር የሚያወርድበት ጊዜ ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ግን እናቴ እኔን ይዛ ልትሄድ ብትጠይቀው «ሁለት ሴቶች የማታውቁት አገር ላይ መሽቶባችሁ በሕልሜ እንኳ ላያችሁ አልፈልግም። ፋሲካ ይለፍና የሚወስዳችሁ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። በነጋታው ሩዝ ስታበጥር አጠገቧ ብቀመጥ፣ ያበጠረችውን መልሳ ታበጥረው ነበር።

የዚያን ቀን ማታ ሌሎቹ ልጆች ከመምጣታቸው በፊት ደብተሬን ይዤ አያ ደምሌ ዘንድ ሄድኩ። «አያ፣ ተረቶቹን እንደ መንገዱ ተራ ይንገሩኝ» አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ምክንያቱን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ በርጩማቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ ሁለት እጃቸውን መሪ እንደያዘ ሰው ዘረጉ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሦስት ማታ ፈጀብን። በእያንዳንዱ ከተማ ላይ ቆም እያሉ የተረቱን ሥጋ ይገፍፉልኝና አጥንቱን ይሰጡኛል። «ቀኑን በኪሎ ሜትር አትቁጠሪው፤ በማደሪያ ቁጠሪው» አሉኝ። እኔም እንዳሉት ጻፍኩ። ሰኞ ባሕር ዳር፣ ማክሰኞ ደብረ ማርቆስ፣ ረቡዕ አዲስ አበባ፣ ሐሙስ አርባ ምንጭ። ከአዲስ አበባ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው፤ በሆሳዕና በኩል ያለው ያጥራል ግን ኮረኮንች ይበዛዋል፣ በሻሸመኔ በኩል ያለው ይረዝማል ግን በአንድ ቀን ያስገባል። ሁለተኛውን መረጥን።

«ለምንድን ነው ሐሙስ አርባ ምንጭ መግባት ያለብን?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ የጂንካ ገበያ ቅዳሜ ስለሆነ ነው አሉኝ። ዓርብ ጧት የነጋዴ መኪኖች ተሰልፈው ይወጣሉ፤ አውቶቡስ ቢጠፋ እንኳ መንገደኛ አይቀርም። ዓርብ ያመለጠው ግን ስንት ቀን እንደሚጠብቅ አይታወቅም። ከዚያ ዐይናቸውን ገለጡና «ደግሞ ፋሲካን አትጠብቁ። እዚያ ዝናቡ የሚገባው መጋቢት ላይ ነው» አሉ። እንዳልገባኝ ሲያዩ፣ የእኛ ሜዳ ተሰነጣጥቆ ከብቱ ውኃ በሚያጣበት በሚያዝያ፣ እዚያ ወንዞቹ ከአፍ እስከ ገደፋቸው እንደሚሞሉ ነገሩኝ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አገር ማለት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባኝ፤ አንዱ ጫፍ ሲደርቅ ሌላው ጫፍ ይዘንብበታል።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደብተሬን አባቴ ፊት ዘረጋሁ። እንደ ፈተና ጠየቀኝ። ባሕር ዳር የት ታድራላችሁ? መናኸሪያው አጠገብ፣ ጎህ ሲቀድ አውቶቡሱ ስለሚወጣ። ደብረ ማርቆስ ቢመሽባችሁስ? እዚያው ማደራችን ነው፤ ዓባይን በቀን ለመውረድ። አዲስ አበባ ማንን ታውቃላችሁ? ማንንም፤ ግን ከአውቶቡስ ተራ ሳንርቅ አድረን በጧት እንወጣለን። እየመለስኩ ስሄድ ጥያቄው እየቀነሰ መጣ። ስለ ዝናቡ ስነግረው ግን ሳቀ፤ ሚያዝያ ላይ ወንዝ ሲሞላ የት አይተሻል አለኝ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ወደ አጥሩ ሄደችና በከዘራቸው የሚመረኮዙትን አያ ደምሌን ይዛቸው መጣች።

እሳቸውም ሳይቀመጡ፣ «እኔ በሚያዝያ እዚያ ወንዝ ዳር ስድስት ቀን ውኃው እስኪጎድል ተኝቻለሁ። ልጅቷ ያለችህ ልክ ነው። ከሄዱ አሁን ነው፤ ካልሄዱ ልጅህ ብቻዋን ትወልዳለች» አሉት።

አባቴ ደብተሩን አንሥቶ ገልብጦ ያዘውና፣ «እንግዲህ መንገዱን እሷ ትያዝ» አለ። እናቴን ማታ ላይ ዕቃ ስታጥብ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

በየካቲት ማለቂያ ልንወጣ ነበር፤ እናቴ ለጥሩወርቅ ከጣራ ገዳም ጠበል ሳልይዝ አልሄድም ብላ አንድ ሳምንት ዘገየን። በአንድ ጀሪካን ጠበሉን፣ በቅል የአራስ ቅቤ፣ ለራሳችን በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘን ተነሣን። ደብተሬ ላይ የተጻፈው አንድ በአንድ ሆነ። እያንዳንዱ ከተማ ሲመጣ ለእናቴ ስሙን በሹክሹክታ እነግራታለሁ፤ እሷ ደግሞ ተረቱን ታስታውሰኛለች። ዓባይ በረሃ ስንወርድ መስኮቱን ይዛ፣ «ጅቡ እውነቱን ነው» አለችኝ። ከሻሸመኔ በኋላ በአውቶቡሱ ውስጥ የሚሰማው ቋንቋ በየፌርማታው እየተለወጠ ሲሄድ መጀመሪያ ጭንቅ ብሏት ነበር፤ ከሶዶ ወዲያ ግን አዲስ የገባውን ሁሉ ከወገቧ ጎንበስ ብላ «እንደምን ዋላችሁ» ማለት ጀመረች፣ ሁሉም በየቋንቋው መለሰላት።

ሐሙስ ማታ አርባ ምንጭ ገባን። ዓርብ ጧት መናኸሪያው ላይ ወደ ጂንካ የሚሄድ አውቶቡስ እስከ እሑድ የለም ሲሉን እናቴ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን የነጋዴ መኪኖች የሚጫኑበትን ቦታ ጠይቄ እጇን ይዤ ሄድኩ። ጨውና የላስቲክ ጫማ የጫነ መኪና ሊወጣ ሲል ደረስን፤ ሾፌሩ ደግ ሰው ነበርና እናቴን ሲያይ ጋቢናውን ለቀቀልን።

ኮንሶን አልፈን ቆላው ውስጥ ከወረድን በኋላ፣ ድልድይ የሌለው ሰፊ ወንዝ ዳር ደረስን። አሸዋ ብቻ ነበር። ዳሩ ላይ ካለ ዛፍ ጥላ ሥር ሁለት መኪኖች ቆመው ሰዎቹ ምሳ ይበላሉ፤ ሾፌራችንም ሞተሩን አጠፋና ሙቀቱ እስኪበርድ እንረፍ አለ። ቀና ብዬ በስተሰሜን ተራራውን አየሁት፤ አናቱ ጥቁር ለብሷል፣ መብረቅ በሩቁ ያለ ድምፅ ብልጭ ይላል። ለሾፌሩ ለመናገር አፈርኩ፤ ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ «እማየ፣ ተራራዋ እያጠባች ነው» አልኳት።

እናቴ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች በየክረምቱ እየገነፈሉ ሩዟን ሲውጡባት የኖረች የፎገራ ሴት ናት፤ ውኃን ታውቀዋለች። ተራራውን አየች፣ አሸዋውን አየች፣ ከጋቢናው ወረደች። ሾፌሩ «እናቴ፣ አያስቡ፤ ደረቅ ነው» አላት። «ልጄ፣ እኔ ምሳዬን ማዶ ሆኜ እበላለሁ» አለችውና ቅሏን በጀርባዋ አዝላ፣ ጀሪካኑን እኔን አስይዛ፣ በዚያ በሚያቃጥል አሸዋ ላይ መራመድ ጀመረች። ሰዎቹ ሳቁ። መሃል ላይ ስንደርስ ከኋላችን የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ሾፌሩ አሮጊት በእግሯ ስትሻገር ቁጭ ብሎ መብላት ከበደው መሰለኝ፣ ተከተለን፤ ሁለቱ መኪኖች ግን ቀሩ።

ማዶ ተቀምጠን በሶአችንን በጥብጠን ሳንጨርስ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ እንደ ብዙ ከብት ኮቴ ነበር፤ ከዚያ ቡናማው ውኃ ግንድ እያንከባለለ መታጠፊያውን ዞሮ ወረደ፣ ያ ሁሉ አሸዋም በአንድ አፍታ ጠፋ፤ ሁለቱ መኪኖች ከነሰዎቻቸው ወዲያኛው ዳር ታግደው ቀሩ። ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። እናቴን ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳማት፤ ከዚያም እስከ ጂንካ ድረስ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በሚያውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ ስለ እሷ ሲያወራ ሄደ። እናቴ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። እንደዚያ ቀን ረጅም ሆና አይቻት አላውቅም።

ጥሩወርቅ ሆዷን ይዛ ከቤት ስትወጣ የሆነውን መጻፍ አልችልበትም። ቀኑ ገና ነው ተብሎ የነበረው ልጅ ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ ዝናቡ መንገዱን ሁሉ በዘጋበት ሳምንት መጣ። ፋሲካን ጠብቀን ቢሆን ኖሮ አንደርስም ነበር። በአንድ ጎኗ የእኛ እናት፣ በሌላው የታደለ እናት ነበሩ፤ አንዷ አማርኛ ብቻ፣ ሌላዋ አሪኛ ብቻ የሚናገሩ ሁለት ሴቶች፣ ሌሊቱን ሙሉ ከነርሷ ጋር ሳይሳሳቱ ሲረዳዱ አደሩ። ጎህ ሲቀድ ልጁ አለቀሰ። ሁለቱ አያቶች ተቃቅፈው በየቋንቋቸው መረቁት።

ከአያ ደምሌ የሰማኋቸው ተረቶች ብዙዎቹ ዛሬ ከአእምሮዬ ጠፍተዋል፤ የሚያታልለው ማን እንደነበር፣ የሚታለለው ማን እንደነበር ይምታታብኛል። አንድ ነገር ግን አልደበዘዘም። ልጁ ወር ሊሞላው ሲል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጂንካ ከተማ መሃል ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ቆመን ነበር፤ ከብት ይግጥበታል፣ ዝናቡ አባርቶ ኮረብቶቹ ታጥበዋል። እናቴ ሕፃኑን አዝላ ወደ ደቡብ ስታይ ቆየችና ታደለን፣ «ከዚህ ወዲያስ እነማን ይኖራሉ?» አለችው። እሱም ስለ ኦሞ ወንዝ፣ ስለ ሐመርና ስለ ሙርሲ፣ ስለ ከብታቸውና ስለ ዘፈናቸው ነገራት። ከባሕር ዳር አልፋ አታውቅ የነበረችው እናቴ ሳታቋርጠው ሰማችው፤ ሲጨርስ፣ «ይኸ ሁሉ የእኛ ሰው ነው?» ብላ ጠየቀች። «አዎ» አላት።

ዛሬ በሥራዬ ምክንያት ብዙ ቦታ እሄዳለሁ። የማላውቀው ከተማ ስገባ የዚያን ዕለት ፊቷ ይመጣብኛል፤ አገሯ ትልቅ በመሆኑ ደስ ያላት ሴት ፊት።