ሁለት አልጋና አንድ ጋቢ

በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በወርኃ ጽጌ። ክረምቱ ወጥቶ የቢቸና ጭቃ ደርቆ ነበር። እኔና ባለቤቴ እህል እናስቀምጥባት የነበረችውን ትንሽ ክፍል ለሁለት ልጆች መኝታ እያዘጋጀን ነበር።

ልጆቹ የእኛ አይደሉም። እኔ የወለድኩት አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ተመስገን፣ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ከእሱ በኋላ እግዚአብሔር ሌላ አልሰጠኝም፤ እኔም አላጉረመረምኩም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ከወረዳ የመጣች የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ፣ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች በአደራ የሚያሳድግ ቤተሰብ እንደሚፈለግ ለምእመናኑ ተናገረች። ሞጣ ውስጥ ሁለት እኅትማማቾች አሉ አለች፤ ታላቂቱ ሰባት ዓመቷ፣ ታናሺቱ አራት። ባለቤቴ አየኝ። እኔም አየሁት። ሌላ ምክክር አላደረግንም።

ከክፍሏ መጀመሪያ መውጣት የነበረበት ጎታው ነው። እናቴ እዚያው ውስጥ የሠራችው ስለነበር በበሩ አልወጣ አለ፤ ባለቤቴ በመጥረቢያ ሰበረው። አላዘንኩም። ግድግዳውን ኖራ ቀባነው። ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ ስለነበር የማዳበሪያ ከረጢት ፈትቼ፣ አጥቤ፣ በጆንያ መርፌ እየገጣጠምኩ ኮርኒስ ሰፋሁለት። ባለሙያዋ "የየራሳቸው አልጋ ቢኖራቸው ጥሩ ነው" ስላለችን ከአናጺ ዘንድ ሁለት አልጋ አሠራን። አንዱን በዚህ ግድግዳ፣ ሌላውን በዚያኛው አስጠጋሁ። በመካከላቸው የእመቤታችንን ሥዕል ሰቀልኩ። ብርድ ልብሶቹን አንድ ዓይነት አበባ ያለባቸውን መርጬ ገዛሁ፤ ልጆቹ እንዳይቀናኑ ብዬ ነው። ቅናት የሚባል ነገር በዚያ ቤት ከእነሱ ሌላ ሰው ሊይዝ ይችላል ብዬ አላሰብኩም።

ክፍሏ ልታልቅ ስትል ልጆቹን ለማየት ሞጣ ሄድን።

የያዘቻቸው ጥጥ እየፈተለች የምትኖር አንዲት አሮጊት ናት። የሥጋ ዘመዳቸው አይደለችም፤ የክርስትና እናታቸው ናት። ሁለቱንም ክርስትና ያነሳች እሷ ናት፤ እናታቸው ስትታመም ያስታመመች፣ ስትሞትም ልጆቹን ወደ ቤቷ ያስገባች እሷው ናት። ቤቷ አንዲት የኪራይ ክፍል ናት። ዓይኗም ጉልበቷም እየደከመ ሲሄድ "ሳልሞት ቤት ፈልጉላቸው" ብላ ወረዳ ድረስ ሄዳ ያመለከተች ራሷ ናት። ባለሙያዋም አስረግጣ ነግራናለች፤ አሮጊቷ ቤታችንን አይታ እሺ ካላለች ልጆቹ አይመጡም።

ይህን ሁሉ አውቄ ነበር የሄድኩት።

"ግቡ፣ ግቡ" አለች እንዝርቷን ሳታስቀምጥ። "ቢቸናዎቹ ናችሁ አይደል? ቤታችሁ ሰፊ ነው አሉኝ። ሆዳችሁስ?"

ባለቤቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ልጆቹ ከኋላዋ ተሸሽገው ነበር። ብስኩት ይዤላቸው ስለነበር ታናሺቱን "ነይ የኔ እናት" አልኳት። መጣች። ተቀበለችኝ። ልቤ ሞላ። ልጅቷ ግን ዞራ ሮጠችና የመጀመሪያዋን ቁራሽ አሮጊቷ አፍ ውስጥ ከተተችው።

"ጉረሺ፣ እናና!"

"እሰይ፣ አድጊልኝ! እትዬንስ አታጎርሻትም?" አለቻት አሮጊቷ እያኘከች።

ልጅቷ ትክ ብላ አየችኝና ብስኩቱን በጀርባዋ ደበቀችው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ለመምሰል ከንፈሬን ከፈት አደረግሁ።

ከግድግዳው ሥር አንድ መደብ ነበር። ሦስቱም የሚተኙት እዚያ ላይ መሆኑን ታላቂቱ ነገረችኝ። "እናና መሃል ነው የምትተኛው። እኔ በዚህ፣ እሷ በዚያ። ጋቢው ደግሞ አንድ ነው" አለችኝ፤ ትልቅ ሀብት እንደሚቆጥር ሰው።

በመልሱ መንገድ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሄድኩ።

"ምን ሆነሻል?" አለኝ ባለቤቴ።

"አቧራው ነው" አልኩት።

አቧራ አልነበረም። ቀንቼ ነበር። ዕድሜዋን ሁሉ በእንዝርት የኖረች፣ ያላትን ሁሉ ለሙት ልጆች የሰጠች፣ አሁን ደግሞ ልጆቹን ራሳቸውን ልትሰጠኝ በተነሣች ሴት ላይ ቀናሁ። በመደቧ ቀናሁ። "እናና" በተባለችበት አጠራር ቀናሁ። በአፏ ውስጥ ባለችው ቁራሽ ብስኩት ሳይቀር ቀናሁ።

ከዚያ ወዲያ ክፍሏን ያዘጋጀሁት ለልጆቹ ነው ብል እዋሻለሁ። ከዚያ መደብ ጋር እየተፎካከርኩ ነበር። መጋረጃ ጨመርኩ። መስተዋት ሰቀልኩ። የትራሶቹን ጨርቅ በቀይና በአረንጓዴ ክር ጠለፍኩ። ጽጌን እየጾምኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ የእመቤታችን ስደት ሲነገር እየሰማሁ፣ ልቤ ሞጣ ሄዶ "ይህን ስታይ ምን ትል ይሆን?" ይላል።

በሁለተኛው ሳምንት አሮጊቷ ቤቱን ልታይ መጣች። ልጆቹን ለአንድ ቀን ጎረቤት ዘንድ ትታቸው ነበር። ባለቤቴ ከመናኸሪያ ተቀብሏት፣ ጥቅሏን ተሸክሞላት ገባ። እግሯን አጠብኳት። የሚገባኝን ሁሉ አደረግሁ፤ እጄ አላጎደለም።

ክፍሏን ከፈትኩላት። በሩ ላይ ቆመች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች። ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች።

"ይህ የማዳበሪያ ከረጢት አይደለም እንዴ?"

"ነው፣ እማማ። በእጄ ነው የሰፋሁት።"

"ጽሑፉን ወደ ታች አድርገሽዋል። ታላቂቱ ፊደል ቆጥራለች እኮ! ጸሎቷን ትታ ስለ ማዳበሪያ ስታነብ ልታድር ነው።"

ባለቤቴ ከኋላዬ ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፤ አቃተው።

ከዚያ አልጋዎቹን አየች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

"ሁለት ናቸው" አለች።

"አዎ፣ ለየራሳቸው።"

"ምን ተጣልተው?"

 የጠለፍኩትን ትራስ አንሥታ በጣቷ ክሩን ተከተለችው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ብዙ ጊዜ ወስዳ።  መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ጥቅሏን ፈታች። ጋቢው ነበር። ያረጀ፣ ጥለቱ የተበላ፣ በራሷ እጅ የተፈተለ።

"ይህ ቀድሟቸው ይደር። ሽታውን ለምደውታል። እነሱ ሲመጡ ቤቱ እንግዳ እንዳይሆንባቸው ነው።"

"አዲስ ብርድ ልብስ አለ፣ እማማ" አልኳት።

"አየሁት። ያምራል።"

"እሺ፣ ታጥቦ ይነጠፋል።"

እጄን ያዘችኝ። "አትጠቢው!" አለች። ከመጣች ጀምሮ ያለ ቀልድ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

እሺ አልኳት። አላጠብኩትም፤ ግን አላነጠፍኩትም። አሮጊቷ ዕቃ ልታጥብልኝ ወደ ጓሮ ስትወጣ ጋቢውን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከታች ከተትኩት። ቆለፍኩ። ቁልፉን በመቀነቴ ጫፍ ቋጠርኩት። 

ጀንበር ስትጠልቅ ሽሮ ቀረበ። ባለቤቴ ሊጠይቃት ይፈልጋል፣ ይፈራል። በመጨረሻ "እንግዲህ እማማ፣ ምን አሰቡ?" አላት።

አሮጊቷ እጇን ከመሶቡ ሰበሰበች። ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች።

"እማማ እያላችሁ አታስረጁኝ" አለች። "ከጥምቀት ያነሳኋቸው እኔ። የምታሳድጊያቸው አንቺ። ታዲያ እኔና አንቺ ምን ልንባባል ነው? አበልጅ ነዋ! ጉረሺ፣ አበልጄ።"

አጎረሰችኝ።

አበልጅ በእኛ አገር ቀላል ቃል አይደለም። የልጅ እናት የልጇን ክርስትና እናት የምትጠራበት ነው፤ ክርስትና እናቷም የልጅቷን ወላጅ። አሮጊቷ ረጅም ንግግር አላደረገችም። በአንድ ቃል እናት አደረገችኝ። ግን ያን ቃል ስቀበል እሷንም አብሬ መቀበሌ ነው። የአበልጅ ዝምድና ደግሞ እስከ መቃብር ነው። እኔ ልጆቹን ያለ እሷ ነበር የፈለግሁት። ጉርሻውን በውሃ አወረድኩት። ከመቀነቴ ላይ ያለው ቁልፍ ጎኔን ይወጋኛል።

ባለቤቴ ተነሥቶ ጉልበቷን ሳመ። እኔም ሳምኩ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ። ምስጋናው እውነት ነበር። ቅናቱም እውነት ነበር።

በልጆቹ ክፍል አነጠፍኩላት። ሌላ የእንግዳ ቦታ አልነበረንም። በሩን ዘግቼ ስመለስ ያሰብኩት ይህን ነው፤ በዚያ አልጋ ላይ መጀመሪያ የምትተኛውም እሷው ሆነች። በዚህም ቀናሁ። እንዲህ እንደሆንኩ ጸሎቴን አድርሼ ተኛሁ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ስትሰደድ ያሳደሯትን አሰብኩ። ልጁን ብቻ እንቀበላለን ያላት ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

በማግስቱ ጠዋት ማለዳ ልቀሰቅሳት በሩን ገፋሁ። ተነሥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሥዕሉ ፊት ቆማ ትጸልያለች። ሁለቱም አልጋ እንዳነጠፍኩት ነው። መሬት ላይ ሰሌን ተዘርግቷል።

"ምነው፣ አልጋው አልተመቸዎትም?"

"ለእነሱ የተሠራ አልጋ ላይ እኔ ቀድሜ አልተኛም" አለች። "የራሳቸው ነው።"

ከመቀነቴ ላይ ቁልፉን ፈታሁ። ሣጥኑን ከፍቼ ጋቢውን አወጣሁ። የት እንደነበረ አየች፤ አልጠየቀችኝም።

"በዚያ በኩል ይያዙልኝ፣ አበልጄ" አልኳት።

አንዱን አልጋ አንሥተን ከሌላው ጋር ገጠምነው። ጋቢውን ሳላጥበው በሁለቱም ላይ አነጠፍኩት። ከዚያ ነጠላዬን ለብሼ፣ ጥቅሏን ይዤላት፣ ልጆቹን ላመጣ አብሬያት ወደ ሞጣው አውቶቡስ ወጣሁ።