የጥንብ አንሳ ምሳ በሁዳዴ

ቢቸና ዳር የማኅበር እርሻ አለን። ስንዴ ይዘራበታል፣ ንብ ይረባበታል፣ ከጀርባው ባለው የታጠረ ቁጥቋጦ ደግሞ የቆሰለና የታመመ የዱር እንስሳ ይጠለልበታል። ሐሳቡ መልካም ነው። ያስቸገሩት ሰዎቹ ናቸው። ከሰዎቹም አንዱ እኔ ነኝ፤ ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል ብጀምር ሚስቴ «ሴት ምን ብትበድል ነው ባሏን ቀኑን ሙሉ ስታይ የምትውለው?» ስትል ጊዜ የእንስሳት እንክብካቤ ኮሚቴ አባል ሆንኩላት።

እርሻው በየወቅቱ ፕሮግራም አለው። በክረምት ችግኝ እንተክላለን፤ ማለት አንዷን ችግኝ ስድስት ሰው ይዟት ፎቶ ይነሳል፣ በነጋታው ፍየል ትበላታለች። በመስከረም ተማሪ መጥቶ አበባ ይጎበኛል፤ ሲመለስ አበባውን ነቅሎ ይዞት ይሄዳል። በበጋ የአእዋፍ ሳምንት ነው። «ወፎችን አትረብሹ» እያልን በድምፅ ማጉያ ስንጮህ፣ ወፍ የተባለ ሁሉ ወደ ዓባይ በረሃ ይሰደዳል። ባነር ግን ጎድሎብን አያውቅም። ከምንተክለው ዛፍ የምንሰቅለው ጨርቅ ይበልጣል።

በአንዱ በጋ ክንፉ የተሰበረ ጥንብ አንሳ መጣልን። የመብራት ገመድ መትቶት መንገድ ዳር ወድቆ ነው የተገኘው። የእንስሳት ሐኪሙ ክንፉን አስሮለት፣ «ሥጋ እየበላ ከቆየ ይድናል፤ ካልበላ ይሞታል» ብሎን ሄደ። ተንከባካቢ ይመረጥ ሲባል ኮሚቴው ያለ አንዳች ክርክር እኔን መረጠ። ምክንያቱን የነገረኝ የለም፤ መላጣዬን፣ ቀጭኑን አንገቴንና አጎንብሼ አቋቋሜን ላየ ሰው ግን ምክንያት አያሻውም።

እስከ ቅበላ ድረስ ደኅና ኖርን። እኔ ከየሥጋ ቤቱ ቁርጥራጭ እየለመንኩ አመጣለታለሁ፤ እሱ እየበላ ይጠላኛል።

ስሕተታችን የወጣው ሁዳዴ ሲገባ ነው። ኮሚቴያችን «የጥንብ አንሳ ቀን» የሚል ፕሮግራም አውጥቶ፣ እንግዶች በተገኙበት አሞራው ሥጋ ሲበላ እናሳያለን ብሎ ነበር። ቀኑን የቆረጥነው በሁዳዴ አጋማሽ ላይ ነው። ሁላችንም ጿሚዎች ነን፤ ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ዕቅዱ የወጣው በጥር ነበራ! በሠርግ ወር፣ የሁላችን ሆድ ጥሬ ሥጋ ሞልቶበት። የጠገበ ሰው ጾም ትዝ አይለውም። ጾሙ ገባ፣ ሥጋ ቤቶቹ ተዘጉ፣ አሞራው ጾሙን ውሎ ማደር ጀመረ። ተሰበሰብን።

«ሽሮ ብንሰጠውስ?» አለ ጸሐፊው።

«ወፈር ተደርጎ ከተሠራ ሊበላ ይችላል» አለች ገንዘብ ያዧ፣ በሐሳብ ተውጣ።

«የነነዌ ከብቶች ጾመው የለም እንዴ?» አለ ሊቀመንበሩ። «እሱስ ቢጾም ምን ይሆናል?»

«የነነዌዎቹ የጾሙት ሦስት ቀን ነው» አልኩት። «ለዚህ ሁለት ወር ልትፈርድበት ነው?»

«እንግዲህ ተንከባካቢው እርስዎ ነዎት» አለኝና ስብሰባው ተዘጋ።

ሽሮው ተሞከረ። አሞራው ሽሮውን አየ፣ እኔን አየኝ፤ ከሁለታችን ማንኛችንን አብልጦ እንደናቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌላ ቀን ከገበያው ማዶ አህያ መሞቱን ሰማን። ማን ይሂድ፣ በምን ይምጣ እያልን ስንወያይ መሸ። ጅብ ስብሰባ አያውቅም፤ ጠዋት ስንደርስ የቀረልን ሰኮና ብቻ ነበር። የፕሮግራሙ ዋዜማ ሐኪሙ መጥቶ ወፉን ደጋግሞ አገላብጦ አየውና፣ «ነገ ካልበላ አይተርፍም» አለኝ።

በቢቸናም ቢፈለግ ሙስሊሞቹ ዘንድ ሥጋ አይጠፋም። ግን እኔ የሰንበቴ ማኅበር አለቃ ነኝ። በሁዳዴ ሥጋ አንጠልጥዬ በባጃጅ ተራ ባልፍ፣ ከፋሲካ በግ በፊት የሚታረደው የእኔ ስም ነው። ስለዚህ በጠዋቱ መኪና የማያውቁኝ አገር፣ ሞጣ ድረስ ሄድኩ። ብልህ ነኝ ብዬ።

የሞጣው ባለ ሥጋ ቤት ሙስሊም ነው። የማተቤን ክር ከአንገቴ ላይ አይቶ፣ «አባባ፣ ጾም አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«ለእኔ አይደለም፤ ለአሞራ ነው።»

ቢላዋውን አስቀምጦ ሳቀ። «በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የሚመጣ አይጠፋም። አንዱ ለውሻዬ ነው ይላል፣ አንዱ ለድመቴ። አሞራ ያለኝ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። አጥንቱ ይቅርልዎት?»

ሥጋውን በፌስታል አሥሬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከእግሬ ሥር ሸጎጥኩት። መኪናው ሊነሳ ሲል አንድ ቄስ ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። ቀና ብዬ ባይ የንስሐ አባቴ ናቸው! ለለቅሶ መጥተው ኖሯል። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ልጄ የሚሉኝ ግን እሳቸው ናቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«ልጄ፣ ሞጣ ምን አመጣህ?»

«ዘመድ ጥየቃ፣ አባቴ።»

አንድ ቁልቁለት እንደ ወረድን ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ጮኸች። «ኧረ ደም! ኧረ የሰው ያለህ፣ የተጎዳ አለ?»

ረዳቱ ጎንበስ ብሎ ፌስታሉን ጎትቶ አወጣው። «አባባ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«የአሞራ ምሳ ነው።»

«አናትዎን ሳይ ጠርጥሬ ነበር» ሲል መኪናው በሳቅ ሊገለበጥ ደረሰ።

የንስሐ አባቴ ብቻ አልሳቁም። «ዘመድ ጥየቃ አላልከኝም?»

«ዘመድም ነው አባቴ፤ መልካችን አንድ ነው።»

«እንግዲያው ወስደህ አሳየኝ። ሥጋውን ሲበላ በዓይኔ ካላየሁ፣ ሰንበቴውን ለሌላ ሰው ታስረክባለህ።»

እርሻው ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ባነሩ ተሰቅሏል፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች በአጥሩ ዙሪያ ስልካቸውን ደግነው ቆመዋል። ሊቀመንበሩ ድምፅ ማጉያውን ነጥቆ፣ «ክቡራን እንግዶች! አሁን ወደ ዋናው ትርዒት!» አለ። አጥሩ ውስጥ ገብቼ ሥጋውን ከፊቱ ጣልኩለት።

አሞራው አልነካውም። ሥጋውን አለፍ ብሎ የሰዉን ብዛት አየ፤ ከዚያ ዐይኑን ከደነ። እንኳን እሱ፣ እኔም ብሆን በዚያ ሁሉ ስልክ ፊት አልበላም።

«ትንሽ ወደ ብርሃኑ ይዞር!» ይላል አንዱ እንግዳ። «ክንፉን ይዘርጋልና!» ትላለች ሌላዋ። እየሞተ ያለውን ፍጡር የሠርግ ፎቶ ሊያስነሱት ነው። የንስሐ አባቴ ከአጥሩ ማዶ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

ጥንብ አንሳ ብቻውን ሲበላ ማን አይቷል? ሌላው ሲበላ አይቶ ነው የሚወርደው። በዚያ ግቢ ውስጥ ደግሞ ለሌላ አሞራነት የሚበቃ መልክ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቁጢጥ አልኩ። ጋቢዬን ግራና ቀኝ ዘረጋሁ። አንገቴን አስግጌ፣ ከሥጋው አንዱን ቁራጭ በጥርሴ አነሳሁና ራሴን ወዘወዝኩ።

ሕዝቡ ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። ከዚያ የስልኮቹ ድምፅ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር።

አሞራው ዐይኑን ገለጠ። እየተንፏቀቀ መጣ፣ እንደ እባብ እፍ አለብኝ፣ ሥጋውንም ከአፌ ነጥቆ ዋጠው። ትንሽ ከንፈሬንም ጨምሮ።

«ልጄ!» አሉ የንስሐ አባቴ። «ዋጥክ?»

«አልዋጥኩም አባቴ!» ምራቄን ተፋሁ። ደሙ የእኔ ይሁን የበሬው እንጃ።

ሌላ ቁራጭ ወረወርኩለት። አልነካውም። ዝም ብሎ አፍ አፌን ያያል። ሰውዬው እንደገና ካልበላ እኔም አልበላም ማለቱ ነው፤ የኮሚቴያችን ሰው ሁሉ ተደምሮ እንደዚህ ግልጽ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ሥጋውን አየሁ፣ ስልኮቹን አየሁ፣ ቀና ብዬ ቄሱን አየሁ። ነገ ጠዋት ይህ ፎቶ ከቢቸና ተነስቶ ሮብ ገበያ ከተማ ይደርሳል።

የንስሐ አባቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ይሳቁ ይቆጡ አልለየሁም።

«በል ጨርስለት» አሉኝ። «የስግደቱን ነገር ኋላ እንነጋገራለን።»

ጋቢዬን አስተካክዬ ሁለተኛውን ነከስኩ።