ግራ ጆሮዬና የወንድሜ ሠርግ

ግራ ጆሮዬን ያጠፋሁት እኔው ነኝ፤ በማንም ላይ ጣት አልቀስርም። አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ባለ ደብር መሪጌታ ነበርኩ፤ እንጀራዬ በጆሮዬ ነው። ዜማ የሚመራ ሰው ጉሮሮው ቢዘጋ ማር ልሶ ይድናል። ጆሮው ሲሄድ ግን ምን ይልሳል?

ታናሽ ወንድሜ ሲያገባ አባታችን በሕይወት አልነበሩም። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ወደ ቤት ስትገባ አባወራው ሦስት ጥይት ይተኩሳል። እሳቸው ስለሌሉ ተራው የታላቁ ልጅ፣ የእኔ ሆነ። ተኩስ መከልከሉን የማያውቅ የለም፤ በየስብሰባው ይነገራል። ሠርግ ሲደርስ ግን ከልካዩም ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ጠላውን ይጠጣል።

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ እህት አለችኝ። ማሽኑ ስለሚጮህ ለሠራተኛው የጆሮ መድፈኛ ይሰጠዋል፤ በጣት ሲጨምቁት የሚቀጥን፣ ጆሮ ውስጥ ሲገባ መልሶ የሚነፋ ቢጫ ስፖንጅ ነው። ለሠርጉ ስትመጣ ሁለት ፍሬ ይዛልኝ መጣች። በጣትህ አድቦልቡለህ አቅጥነው፣ በሌላው እጅህ ጆሮህን ወደ ላይ ሳብ፣ ክተተው፣ እስኪነፋ ድረስ ያዘው ብላ እንደ ሕፃን አስጠናችኝ። ሁለቱንም ጆሮ ነው ታዲያ፣ አለችኝ ደጋግማ። እሺ አልኳት።

እሺ ማለት ምን ይከብዳል! አጎቴ ስፖንጁን ሲያይ፣ የአባትህ ጆሮ ጥጥ ያየው ሲገነዙ ብቻ ነው ብሎ ሣቀብኝ። ዳሱ በሙሉ ሣቀ። እኔም አብሬ ሣቅሁ።

እውነቱን ልናገር፤ አንዱን ስፖንጅ ያወጣሁት አፍሬ ብቻ አይደለም። ሸላዩ የአባቴን ስም እየጠራ ሲያቅራራ ጥይቱ ልክ ስንኙ ሲያልቅ መግባት አለበት። ከቀደመ ሰውየውን ማቋረጥ ነው፤ ከዘገየ ያስቃል። የዜማ ሰው ሆኜ ቦታ ልስት? ስለዚህ አንድ ጆሮዬን ለሸላዩ ተውኩት። ጉንጬ ሰደፉ ላይ የሚያርፈው በቀኝ በኩል ነው፤ እንግዲያው ለጠመንጃው የሚቀርበው ቀኝ ጆሮዬ ነው አልኩና ቀኙን ደፍኜ ግራውን ከፈትኩ። ብልጠቴን አያችሁልኝ?

ከቆርቆሮው አጥር ጥግ ቆሜ ወደ ገደሉ በኩል ሦስቴ ተኮስኩ። ሦስቱም ቦታቸው ላይ ገቡ። እልልታው ቀለጠ፣ አጎቴ ትከሻዬን ሳመኝ፣ ግራ ጆሮዬ ጭው አለ። ያልፋል ብዬ ተውኩት። በሳምንቱም ጭው፣ በወሩም ጭው።

እህቴ ስትሰማ ጎትታ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ አንዱን ጆሮ ብቻ መድፈኔን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ጠመንጃ የሚጮኸው በሰደፉ አይደለም፣ በአፈሙዙ ነው አለኝ። በቀኝ ትከሻ ሲያነጣጥሩ ቀኝ ጆሮዎን ጭንቅላትዎ ይከልለዋል፤ ድምፁን ፊት ለፊት የሚቀበለው ግራው ነው። መደፈን የነበረባቸው ሁለቱም ናቸው፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ይጠብቁ ብሎ አሰናበተኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እያልኩ ስንቱን ተማሪ ገሥጬአለሁ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ለደብሩ ሰው ትንፍሽ አላልኩም። በግራ በኩል ሲመታ ከበሮው ይሰማኛል፤ የጸናጽሉ ቅጭልጭልታ ግን የለም። የሰውን ከንፈር በዓይኔ እየተከተልኩ መምራቴን ቀጠልኩ። መሪነቱን ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

የደብራችን በዓል ዋዜማ ደረሰ። አሥራ ሁለት ዓመት ዜማ ያስተማሩኝ የኔታ በግራው ረድፍ ቆመዋል፤ የሚጀምሩትም እሳቸው ነበሩ። ድምፃቸው በእርጅና ቀጥኗል፤ ለብርዱ ደግሞ ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበውታል። ጨረሱ ብዬ ተራዬን ዜማውን አነሣሁ። የኔታ ለካ ገና መሐሉ ላይ ናቸው! ድምፄን ለቅቄ በላያቸው ላይ ሄድኩባቸው። ያወቅሁት ረድፉ ሁሉ ዝም ብሎ ሲያየኝ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሲያበቃ የኔታ ቅጽሩ ውስጥ ለብቻዬ ጠሩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ሠርጉንም፣ ስፖንጁንም፣ ሐኪሙ ያለኝንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

«ነገ ከጎኔ ቁም» አሉ። «ግድግዳው በግራህ ይሁን።»

በማግሥቱ ሌላ ሰው መራ። እኔ ተቀበልኩ።