መምህሩ አገራቸው ያልገቡባት ክረምት

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። የማስተር ፕላኑ ረብሻ በተነሳበት ዓመት ይሁን በሚቀጥለው፣ ይምታታብኛል። ብቻ በጋ ነው። መንገዱም፣ እኔ ዘበኛ የሆንኩበት የሰበታው ትምህርት ቤትም ተዘግቷል። አንዱን ክፍል ላናፍስ ብዬ ስከፍተው የጠመኔና የታፈነ እንጨት ሽታ ፊቴን መታኝ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ፣ "ያንተ ልጅ ታድሏል፤ አስተማሪ ምን አለበት፣ ይኸው በበጋም ክረምት መጣለት" አለኝ። ልጄ ቡራዩ ነው የሚያስተምረው። ስልኩን ካነሳ ሁለት ቀን አልፎታል።

ሽታው ግን ወደ ሌላ ሰው ወሰደኝ። ልጅ ሳለሁ ተፍኪ ያስተማሩኝ፣ እኛው ግቢ የሚኖሩ፣ ቀጭን ጎጃሜ ነበሩ። ሰኔ ሲያልቅ የቆርቆሮ ሳጥናቸውን በገመድ ጠፍረው፣ ለእናታቸው ስኳር ቋጥረው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ሰፈርተኛው አይተዋቸውም። "መምህር፣ ዝናብ ሲመጣ እኛ ወደ ሞፈር፣ አንቱ ወደ እናትዎ ጓዳ!" ይላቸዋል።

"እንለዋወጣ! መስከረም ላይ እነዚህን ልጆች እናንተ ያዙልኝ" ይላሉ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴን በሬ ወግቶት ተኛ። እርሻው እኔ ላይ ወደቀና ከትምህርት ቀረሁ። ሰኔ ላይ አባቴ፣ "በቃው፣ ይረስ" አለ። መምህር የተጠፈረው ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ኦቦ ፈይሳ፣ ከሰዓት ከሰዓት ልጁን ይስጡኝ። መስከረም ላይ ፈትኜ አሳልፈዋለሁ።"

"እናትዎስ?"

"እሷ ትጠብቀኛለች" አሉና ገመዱን ፈቱት።

ጠዋት አርሳለሁ፤ ከሰዓት እግሬ በጭቃ እንደተለወሰ ባዶው ክፍል ውስጥ አነባለሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ነሐሴ ላይ ደብዳቤ መጣላቸው። ቆመው አነበቡት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እኔም ማንበቤን አቆምኩ።

"ምነው ቆምክ? አንብብ እንጂ" አሉኝ።

አነበብኩ። ጎበዝ እንዲሉኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንድ ፊደል ሳልስት አነበብኩ። እናታቸው ከተቀበሩ አስራ አምስት ቀን እንዳለፋቸው የሰማነው በሦስተኛው ቀን ነው፤ አባቴ ዓይናቸውን አይቶ ሲጠይቃቸው።

መስከረም ላይ አለፍኩ። ምን ዋጋ አለው፣ አራተኛን ጨርሼ ወደ በሬዎቹ ተመለስኩ። እሳቸውም ተዛውረው ሄዱ፤ ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ዕድሜዬን ሙሉ ያ ድምፄ አልለቀቀኝም። ሰው በቁሙ እናቱን ሲቀብር እኔ አጠገቡ እንደ አውራ ዶሮ ስጮህ።

ያን ቀን ከሰበታው ትምህርት ቤት ወደ ቤት ስገባ ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ነበር። ባለቤቴ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ኩርምት ብላለች። እሷ ማንበብ አትችልም። ዳዊቴን አወጣሁና አነብላት ጀመር። ተኩሱ ሲቀርብ መስመሩ ጠፋኝ፣ ቆምኩ።

"አታቋርጥ ባክህ። አንተ ዝም ስትል ነው ተኩሱ የሚሰማኝ" አለችኝ።

መምህር ያን ከሰዓት ከእኔ ምን እንደፈለጉ የገባኝ ገና ያኔ ነው። ጮክ አድርጌ ማንበቤን ቀጠልኩ።

ልጃችን በማግስቱ ከቡራዩ በገፈርሳ በኩል ባሕር ዛፍ ለባሕር ዛፍ አቋርጦ በእግሩ መጣ። እሱ እስኪደርስ እኔን አጽንተው ያቆሙኝ ግን የተፍኪው መምህሬ ዘለቀ አበጋዝ ናቸው።